የቤት ስልክ ቁጥርን ይዞ ወደ ፋይበርና ወደ ቪኦአይፒ መሸጋገር

ፋይበር ለማስገባት የወሰነ ሰው በአብዛኛው የሚያነጻጽረው የኢንተርኔቱን ፍጥነትና ወርሃዊ ክፍያውን ነው፤ የቤት ስልኩ ቁጥር ትዝ የሚለው ብዙውን ጊዜ አሮጌው መስመር ከተዘጋ በኋላ ሲሆን፣ ያን ጊዜ ቁጥሩን ማስመለስ አስቸጋሪ፣ አንዳንዴም ጨርሶ የማይቻል ይሆናል። ዘመድ አዝማድ በቃሉ የያዘው፣ ባንክና ሐኪም ቤት የመዘገቡት፣ በድርጅት ማኅተምና በደብዳቤ ራስጌ ላይ የታተመ ቁጥር በአንድ ያልታሰበበት የስረዛ ጥያቄ ሊጠፋ አይገባውም። ቁጥሩን ይዞ ወደ ቪኦአይፒ፣ ማለትም በኢንተርኔት ወደሚሠራ የስልክ አገልግሎት፣ መሸጋገር ልዩ ሙያ የሚጠይቅ ነገር አይደለም፤ የሚጠይቀው ሥራውን በትክክለኛው ቅደም ተከተል ማከናወንና ጥቂት ጥያቄዎችን በጊዜያቸው ማንሳት ነው።

አሮጌውን መስመር አስቀድመው አያስዘጉ

የስልክ ቁጥር አገልግሎት ሰጪው ድርጅት በመዝገቡ ላይ ለአንድ ደንበኛ የመደበው መለያ እንጂ አሮጌው ስልክ ከሚመጣበት የመዳብ ገመድ ጋር የማይነጣጠል ነገር አይደለም፤ ከአንዱ ድርጅት ወደ ሌላው ሊዛወር የሚችለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ የሚዛወረው አገልግሎቱ በሥራ ላይ እስካለ ድረስ ነው። መስመሩ ከተዘጋ ቁጥሩ ወደ ድርጅቱ ክምችት ይመለስና ለተወሰነ ጊዜ ለማንም ሳይሰጥ ቆይቶ ለሌላ ደንበኛ ይመደባል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች በ2018 የወጣው የኤሌክትሮኒክ ኮሙኒኬሽን ሕግ፣ ውሉን ያቋረጠ ደንበኛ ቁጥሩን የማዛወር መብቱ ቢያንስ ለአንድ ወር እንዲጠበቅለት ያዛል፤ እንዲህ ያለ የእፎይታ ጊዜ ግን በሁሉም አገር የለም፣ ባለበትም ቢሆን የመጨረሻ መጠጊያ እንጂ የሥራ ዕቅድ ሊሆን አይገባውም።

በትክክለኛው አሠራር ማዛወሩን የሚጠይቀው ቁጥሩን የሚረከበው አዲሱ አቅራቢ ነው። ደንበኛው ለአዲሱ አቅራቢ ፈቃዱን በፊርማ ወይም በኢንተርኔት ቅጽ ይሰጣል፤ አዲሱ ጥያቄውን ለአሮጌው ያስተላልፋል፤ አሮጌው የደንበኛውን ማንነት ከመዝገቡ ጋር አመሳክሮ ይለቃል፤ በተቀጠረውም ቀን ቁጥሩ ሲሻገር አሮጌው የስልክ አገልግሎት በአብዛኛው በራሱ ይቋረጣል። ደንበኛው ወደ አሮጌው ድርጅት ደውሎ «መስመሬን ዝጉልኝ» የሚልበት ደረጃ በዚህ ሂደት ውስጥ የለም።

እዚህ ላይ ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው ኢንተርኔቱም በዚያው የመዳብ መስመር ላይ የሚመጣ ሲሆን ነው፤ ቁጥሩ ሲሻገር መስመሩ ሊዘጋ ስለሚችል ኢንተርኔቱም አብሮ ሊሄድ ይችላል፣ ቪኦአይፒ ደግሞ ያለ ኢንተርኔት አይሠራም። ሁለተኛው በተቃራኒው አቅጣጫ የሚመጣና ይበልጥ የሚያሠጋ ነው። ደንበኛው በመዳብ ላይ የነበረውን ኢንተርኔት ወደ ፋይበር እንዲቀየርለት ሲጠይቅ፣ አንዳንድ አቅራቢዎች ለውጡን ሲፈጽሙ የመዳቡን መስመር በራሳቸው ያዘጋሉ፤ ያን ጊዜ ስለ ቁጥሩ ማንም ያነሳው ነገር ከሌለ ቁጥሩ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ፋይበር ከማዘዝዎ በፊት «ይህ ትዕዛዝ የአሁኑን የስልክ መስመሬን ያዘጋዋል ወይስ አያዘጋውም?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱንም በኢሜይል ወይም በደብዳቤ ይቀበሉ። በስልክ የተሰጠ የቃል ማረጋገጫ ችግር በተፈጠረ ቀን ለማስረጃነት አይበቃም።

ሁለቱንም ወጥመዶች የሚያስቀር ቅደም ተከተል አለ። መጀመሪያ ፋይበሩ ይገባል፤ ፋይበር የራሱ የሆነ የመስታወት ገመድ ስለሆነ ከመዳቡ መስመር ጋር ጎን ለጎን ሊኖር ይችላል። ኢንተርኔቱ ለጥቂት ቀናት ሳይቆራረጥ መሥራቱ ሲረጋገጥ የቪኦአይፒ አካውንት ይከፈትና በጊዜያዊ ቁጥር ይሞከራል። በጊዜያዊው ቁጥር መደወልና መቀበል ከተቻለ በኋላ የማዛወሩ ጥያቄ ይቀርባል። በእነዚህ ሳምንታት ለሁለት አገልግሎት መክፈል ግድ ይሆናል፤ ቁጥሩን ለሚፈልግ ሰው ግን ይህ ክፍያ የሚቆጭ አይደለም።

ቁጥሩን ማን ይረከብ?

ፋይበሩን የሚያቀርበው ድርጅት ራሱ የስልክ አገልግሎትም የሚሰጥ ከሆነ ቀላሉ መንገድ ቁጥሩን ለእርሱ ማስረከብ ነው። የቤቱ ስልክ በራውተሩ ጀርባ ባለው የስልክ ቀዳዳ ላይ ይሰካል፤ ቅንብሩን ሁሉ ድርጅቱ ከሩቅ ሆኖ ያስተካክላል። የዚህ መንገድ ጉድለት ቁጥሩ እንደገና ከአንድ የኢንተርኔት ውል ጋር መታሰሩ ነው፤ ነገ የተሻለ የኢንተርኔት አቅራቢ ሲገኝ የማዛወሩ ሥራ ከሀ ተብሎ ይጀመራል። ብዙዎቹም የስልኩን የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ለደንበኛው ስለማይሰጡ፣ ራውተሩን በራስ ራውተር መተካት የፈለገ ሰው ስልኩን ያጣል።

ሌላው መንገድ ቁጥሩን የኢንተርኔት መስመር ለማያቀርብና ስልክ ብቻ ለሚሰጥ የቪኦአይፒ አቅራቢ ማስረከብ ነው። እንዲህ ሲሆን ቁጥሩ ከኢንተርኔቱ ውል ይለያል፤ የኢንተርኔት አቅራቢ ቢቀየር፣ ራውተር ቢለወጥ፣ በሞባይል ኢንተርኔት ላይ ቢሆንም እንኳ ቁጥሩ ይሠራል። ለዚህ ነፃነት የሚከፈለው ዋጋ መሣሪያውን ራስ ማስተካከልና ሲበላሽም የተበላሸው ኢንተርኔቱ ይሁን ስልኩ መለየት ነው። በእኔ እምነት ራውተሩን ከፍቶ ቅንብር ማየት ለማይከብደው ቤተሰብ ወይም አነስተኛ ድርጅት ይህ መንገድ ይመረጣል፤ ብቻቸውን ለሚኖሩ አረጋውያን ግን፣ ሲበላሽ ደውለው የሚጠይቁት አንድ ድርጅት ብቻ ቢኖራቸው ይሻላል።

የትኛውም አቅራቢ ቢመረጥ ቁጥሩን መቀበል የሚችል መሆኑን አስቀድሞ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የመደበኛ ስልክ ቁጥር የአካባቢ ኮድ ስላለው፣ አቅራቢው በዚያ ኮድ አገልግሎት የማይሰጥ ከሆነ ጥያቄው አይሳካም። የመደበኛ ስልክን ቁጥር ወደ ሞባይል ማዛወር ደግሞ እንደ አሜሪካ ባሉ አገሮች የሚቻል ሲሆን፣ በብዙ ሌሎች አገሮች ግን መደበኛው ወደ መደበኛ፣ ሞባይሉ ወደ ሞባይል ብቻ ነው የሚዛወረው።

ከማመልከትዎ በፊት

የማዛወር ጥያቄ ውድቅ ከሚደረግባቸው ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ የስምና የአድራሻ አለመመሳሰል ነው። በአሮጌው ድርጅት መዝገብ ላይ አድራሻው «112/4» ተብሎ የተጻፈ ሆኖ ሳለ በማመልከቻው ላይ «112፣ 4ኛ ፎቅ» ተብሎ ቢሞላ፣ ለሰው ዓይን አንድ የሆነው አድራሻ ለሚያመሳክረው ሥርዓት ሁለት የተለያዩ አድራሻዎች ናቸው። ስለዚህ የመጨረሻውን የክፍያ ሰነድ ፊት ለፊት አስቀምጠው ስሙን፣ አድራሻውንና የአካውንት ቁጥሩን ፊደል በፊደል ይገልብጡ፤ በሰነዱ ላይ ስሕተት ቢኖር እንኳ በማመልከቻው ላይ አያርሙት፣ ወይም አስቀድመው በአሮጌው ድርጅት ዘንድ ያስተካክሉት። አንዳንድ ድርጅቶች ለማዛወር የተለየ የምስጢር ቁጥር ስለሚጠይቁ እርሱንም አብረው ይያዙ።

መስመሩ በሕይወት በሌለ አባት ወይም እናት ስም ተመዝግቦ፣ ልጆች ክፍያውን እየከፈሉ ለዓመታት የኖሩበት ቤት ጥቂት አይደለም። እንዲህ ያለው ቁጥር በቀጥታ እንዲዛወር ቢጠየቅ የፈራሚው ስም ከመዝገቡ ጋር ስለማይገጥም ጥያቄው ይመለሳል። በዚያው ድርጅት ውስጥ የባለቤትነት ስም ለውጥ አስቀድሞ ማስፈጸም ያስፈልጋል፤ ይህም የሞት ምስክር ወረቀትና የወራሽነት ማስረጃ ሊጠይቅ ስለሚችል ፋይበሩ ከመታዘዙ ከብዙ ሳምንታት በፊት ቢጀመር ይመከራል።

ያልተከፈለ ዕዳና ያላለቀ ውልም ይታዩ። በውሉ መካከል ቁጥር ማዛወር ውሉን እንደ ማቋረጥ ስለሚቆጠር ቅጣት ሊያስከትል ይችላል። በአንድ መስመር ላይ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ቁጥሮች ካሉ፣ ዋናው ሲዛወር የቀሩት እንዳይሰረዙ የሁሉም ዝርዝር በማመልከቻው ላይ ይግባ።

ከዚያ በኋላ ቤቱን ዞር ዞር ብሎ በስልክ መስመሩ ላይ የተንጠለጠለውን ሁሉ መቁጠር ይገባል። የሌባ ማስጠንቀቂያ ደወል፣ የአሳንሰር ስልክ፣ የካርድ መክፈያ ማሽን፣ ፋክስ፣ አንገት ላይ ተንጠልጥሎ ቁልፉ አንድ ጊዜ ሲጫን እርዳታ የሚጠራ የአረጋውያን መሣሪያ፣ እነዚህ ሁሉ በመዳቡ መስመር ላይ ሲሠሩ የኖሩና በቪኦአይፒ ላይ ይሠራሉ ተብለው በጭፍን የማይታመኑ ናቸው። የሚልኩት የድምፅ ምልክት ለሰው ንግግር ተብሎ በሚጨመቅ ድምፅ ውስጥ ሲያልፍ ሊበላሽ ይችላል። ለፋክስ ቲ.38 የሚባል አሠራር ስላለ አዲሱ አቅራቢ ይደግፈው እንደሆነ ይጠይቁ፤ የማስጠንቀቂያና የእርዳታ መሣሪያዎችን በተመለከተ ግን የተከላቸውን ድርጅት ሳያነጋግሩና በአዲሱ መስመር ላይ ሳይፈትኑ ቁጥሩን አያሻግሩ። ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚያሻው ይህ ነው፤ ሌላው ጉድለት ሁሉ ቢከሰት የሚያስከትለው መጉላላትን ሲሆን፣ ይህኛው ግን ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል።

በአሮጌው የድምፅ መልእክት ሳጥን ውስጥ ያሉ መልእክቶች ከቁጥሩ ጋር አይሄዱም። ሊቀመጥ የሚገባው ድምፅ ካለ አስቀድሞ በሌላ መሣሪያ ይቀዳ።

መሣሪያዎቹን ማገናኘት

ያለውን የቤት ስልክ ሳይጥሉ ለመጠቀም ኤቲኤ የሚባል አነስተኛ ሳጥን ያስፈልጋል። በአንድ በኩል በኔትወርክ ገመድ ከራውተሩ ጋር፣ በሌላው በኩል ከስልኩ ጋር ይያያዛል። በቅንብር ገጹ ላይ የሚሞሉት ዋና ዋና ነገሮች አቅራቢው የሚልካቸው የሰርቨር አድራሻ፣ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ናቸው። ሳጥኑ ራሱ ይዞት የሚመጣው የመግቢያ የይለፍ ቃል ወዲያውኑ ይቀየር፤ የቪኦአይፒ አካውንት የሰረቁ ሰዎች የሚያደርጉት በሌሊት ወደ ውድ ዓለም አቀፍ ቁጥሮች መደወል ስለሆነ፣ ወደ ውጭ አገር የማይደውል ሰው ይህን ከአካውንቱ ላይ ቢያዘጋ ወይም የወጪ ጣሪያ ቢያስቀምጥበት መልካም ነው።

የቤቱን የግድግዳ የስልክ መስመሮች በሙሉ ከኤቲኤው ጋር አገናኝቶ በየክፍሉ ያሉትን ስልኮች ማሠራት ይቻላል። ሆኖም ከዚያ በፊት የውጩ የመዳብ መስመር ወደ ቤት ከሚገባበት ሳጥን ላይ መነቀል አለበት። በመዳቡ ላይ ወደ 50 ቮልት የሚጠጋ የማያቋርጥ ኤሌክትሪክ ስላለና ጥሪ ሲመጣም ከዚያ የሚበልጥ የደወል ቮልቴጅ ስለሚታከልበት፣ ኤቲኤውን በሕይወት ካለ የመዳብ መስመር ጋር ማጋጠም ሳጥኑን ሊያቃጥለው ይችላል። የሚሽከረከር መደወያ ያላቸው አሮጌ ስልኮች ደግሞ በብዙ ኤቲኤዎች ላይ ጥሪ መቀበል ቢችሉም መደወል አይችሉም፤ የሚልኩትን የምት ምልክት ሳጥኑ አይረዳውምና።

የድምፅ ጥራትን በተመለከተ የኢንተርኔቱ ፍጥነት የሚያሳስብ አይደለም። ጂ.711 የሚባለው መደበኛው የድምፅ ኮዴክ (ድምፅን ወደ ዲጂታል መረጃ የሚቀይር አሠራር) ድምፁን በሰከንድ 8000 ጊዜ ለክቶ በሰከንድ 64 ኪሎቢት የሚልክ ሲሆን፣ መረጃው ተከፋፍሎ የሚላክባቸው ቁርጥራጮች፣ ማለትም የፓኬቶቹ፣ ራስጌ ሲጨመርበት በእያንዳንዱ አቅጣጫ ወደ 90 ኪሎቢት ገደማ ይደርሳል፤ ይህ ለየትኛውም የፋይበር መስመር ኢምንት ነው። ድምፅን የሚያበላሹት የፓኬቶች መጥፋት፣ መዘግየትና ባልተስተካከለ ጊዜ መድረስ ናቸው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለንግግር የሚመክረው የአንድ አቅጣጫ መዘግየት ከ150 ሚሊሰከንድ ያልበለጠ ነው። ስለዚህ ኤቲኤው ከራውተሩ ጋር በዋይፋይ ሳይሆን በገመድ ይገናኝ፤ ራውተሩም ለድምፅ ቅድሚያ መስጠት የሚያስችል ቅንብር ካለው ይብራ።

ሦስት ብልሽቶች ደጋግመው የሚያጋጥሙ በመሆናቸው ምልክታቸውን ማወቅ ይጠቅማል። ጥሪው ተገናኝቶ አንደኛው ወገን ብቻ የሚሰማ ከሆነ፣ በአብዛኛው ምክንያቱ ራውተሩ ውስጥ ያለው ኤስአይፒ ኤኤልጂ የሚባል አማራጭ ነው፤ ለእርዳታ የተሠራ ቢሆንም በተግባር የጥሪ መልእክቶችን ስለሚያዛባ ቢጠፋ ይሻላል። ጥሪው ከተነሣ ከ32 ሰከንድ ገደማ በኋላ ሁልጊዜ የሚቋረጥ ከሆነ፣ አንደኛው ወገን ጥሪው መነሣቱን የሚያረጋግጠው መልእክት አልደረሰውም ማለት ነውና መፍትሔውን እዚያው ራውተሩ ላይ ይፈልጉ። ከቤት መደወል እየተቻለ ከውጭ የሚመጣ ጥሪ ከደቂቃዎች ዝምታ በኋላ የማይደውል ከሆነ ደግሞ፣ ራውተሩ ለሳጥኑ ከፍቶለት የነበረውን መንገድ ዘግቶታል፤ በኤቲኤው ላይ ከሰርቨሩ ጋር የሚመዘገብበትን የጊዜ ልዩነት ማሳጠር ይህን ያስተካክላል። እነዚህ ሁሉ በጊዜያዊው ቁጥር ላይ ተፈትነው ይለቁ፤ ዋናው ቁጥር ከተሻገረ በኋላ የሚገኝ ብልሽት የሚያስከፍለው ያመለጡ ጥሪዎችን ነው።

ቁጥሩ በሚሻገርበት ቀን

ማዛወሩ የሚፈጸምበት ቀንና ሰዓት በጽሑፍ ይድረስዎ። ዓርብ ወይም የበዓል ዋዜማ እንዳይሆን ይጠይቁ፤ አንዳች ነገር ቢሰናከል የሚያነሣ ሠራተኛ በሚገኝበት ቀን መሆኑ ይመረጣል። በዚያ ቀን አሮጌውን ስልክ ከመዳቡ መስመር ላይ አይንቀሉት። ቁጥሩ በሁሉም የስልክ ኔትወርኮች ላይ በአንድ ቅጽበት ላይለወጥ ስለሚችል፣ ለጥቂት ሰዓታት አንዳንዱ ጥሪ በአሮጌው፣ አንዳንዱ በአዲሱ ስልክ ላይ ሊመጣ ይችላል።

አዲሱ አቅራቢ መጠናቀቁን ሲያስታውቅ ከተለያዩ ኔትወርኮች ይደውሉ፤ ቢቻል ከሁለት የተለያዩ የሞባይል ድርጅቶች፣ ከአንድ መደበኛ ስልክና በተለይም ከአሮጌው ድርጅት ደንበኛ ስልክ። ከሌሎቹ ሁሉ እየገባ ከአሮጌው ድርጅት ደንበኞች የማይገባ ከሆነ፣ አሮጌው ድርጅት በውስጥ መዝገቡ ላይ ቁጥሩን አሁንም የራሱ አድርጎ ይዞታል ማለት ነው። ይህን ጉድለት ደንበኛው ራሱ ሊያስተካክለው ስለማይችል፣ የተደወለበትን ሰዓትና የተደወለበትን ኔትወርክ ጽፎ ለአዲሱ አቅራቢ ማቅረብና እርሱ እንዲከታተለው ማድረግ ነው የሚሻለው።

ከዚያም ወደ ውጭ ይደውሉና በተቀባዩ ስልክ ላይ የሚታየው ቁጥር ጊዜያዊው ሳይሆን ዋናው መሆኑን ይመልከቱ፤ ካልሆነ በአካውንቱ ውስጥ የሚቀየር ቅንብር ነው። «ለአማርኛ 1ን ይጫኑ» ወደሚል የድምፅ ማውጫ ደውለው የሚጫኑት ቁጥር መድረሱን ይፈትኑ። የአካባቢ ኮድ ሳይጨምሩ መደወል ለለመደ ቤተሰብ ይህ በአዲሱ መስመር ላይ የሚሠራ መሆኑም ይታይ፤ የማይሠራ ከሆነ ኤቲኤው ኮዱን በራሱ እንዲጨምር ማድረግ ይቻላል።

ጥያቄው ውድቅ ከሆነ ምክንያቱን በጽሑፍ ይጠይቁ፣ የተባለውን ነጥብ ብቻ አርመው እንደገና ያስገቡ። ውድቅ መሆን ቁጥሩ ጠፋ ማለት አይደለም፤ አሮጌው መስመር እስከሠራ ድረስ ቁጥሩ በቦታው ነው። መስመሩ በስሕተት ተዘግቶ ከተገኘ ግን አንድም ቀን ሳያሳልፉ ለአሮጌው ድርጅት ያመልክቱ፤ ቁጥሩ ለሌላ ሰው ሳይመደብ እንዲታገድና መስመሩ እንዲመለስ ይጠይቁ፤ የማመልከቻውንም ቁጥር ይያዙ።

መብራት ሲጠፋ

የመዳቡ ስልክ ኤሌክትሪኩን የሚያገኘው ከስልክ ድርጅቱ ማዕከል ባትሪዎች ስለነበር መብራት ቢጠፋም ይሠራ ነበር። የመስታወት ገመድ ግን ብርሃን እንጂ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ስለዚህ የፋይበሩ ሳጥን፣ ራውተሩና ኤቲኤው እያንዳንዳቸው ከቤቱ ኤሌክትሪክ ይመገባሉ፤ ከሦስቱ አንዱ ቢጠፋ ስልኩ ይጠፋል። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ሦስቱንም በዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ከውስጥ ባትሪው ኃይል በሚሰጥ መሣሪያ) ወይም በባትሪ መደገፍ ያስፈልጋል። ለምሳሌ ሦስቱ በድምሩ 20 ዋት ቢወስዱ፣ ባለ 12 ቮልትና 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ 84 ዋት ሰዓት ስለሚይዝ፣ በመንገድ የሚባክነው ተቀንሶ ሦስት ሰዓት ገደማ ሊያቆያቸው ይችላል። በብዙ የቤት ፋይበር መስመሮች ላይ በማዕከሉና በቤቱ መካከል ኤሌክትሪክ የሚፈልግ መሣሪያ ስለሌለ፣ ሰፈሩ በሙሉ ቢጨልምም ማዕከሉ መጠባበቂያ ኃይል እስካለው ድረስ በባትሪ የተደገፈ ቤት መደወል ይችላል። ይህም ሆኖ የተሞላ ሞባይል በአቅራቢያ ይኑር።

የአደጋ ጊዜ ጥሪም ከዚህ ጋር ይታያል። የመዳብ መስመር ከአንድ ቤት ጋር የታሰረ ስለነበር ጥሪው ከየት እንደመጣ ይታወቅ ነበር፤ የቪኦአይፒ ቁጥር ግን ኢንተርኔት ባለበት ሁሉ ስለሚሠራ፣ እርዳታ ሰጪዎቹ ዘንድ የሚደርሰው አድራሻ ደንበኛው ራሱ ያስመዘገበው ሊሆን ይችላል። አድራሻውን ቁጥሩ በተሻገረበት ዕለት ያስመዝግቡ፣ ቤት በቀየሩ ቁጥርም ያድሱት። አንዳንድ የቪኦአይፒ አገልግሎቶች የአደጋ ጊዜ ጥሪን ጨርሶ ስለማያስተናግዱ ይህ ከመፈራረም በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ ነው።

ቁጥሩ ከተሻገረ በኋላ የሚመጣውን የአሮጌውን ድርጅት የመጨረሻ ሒሳብ በጥንቃቄ ያንብቡ። የስልኩ አገልግሎት ተቋርጦ ሳለ የመዳቡ ኢንተርኔት ወይም የመስመር ኪራይ መቆጠሩን ቀጥሎ ሊገኝ ይችላል፤ አሁን ቁጥሩ በአዲሱ አቅራቢ እጅ ስላለ የቀረውን አገልግሎት ያለ ስጋት ማስዘጋት ይቻላል። የማዛወሩን ማረጋገጫ ደብዳቤና የመጨረሻውን የክፍያ ሰነድ ግን አብረው ያስቀምጡ፤ ቁጥሩን ዳግመኛ ለማዛወር ወይም በባለቤትነቱ ላይ ጥያቄ ቢነሣ የሚፈለጉት እነዚህ ሁለት ወረቀቶች ናቸው።